የመኪና ሰልፍና የነጂ ቍጣ፤ ለአዋሽና ለሰመራ ከተሞች የቀረበ የጤና ትምህርት

ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ትኩሳቱን፥ ተቅማጡን፥ ሳሉን ይነግረናል። «ዛሬ መንገድ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሜ ተናድጃለሁ፤ እጄም ይንቀጠቀጣል» ብሎ የመጣ ሕመምተኛ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ሰው ቍጣውን ከጠባዩ እንጂ ከአካሉ የመጣ ነው ብሎ ስለማያስብ፥ በመንገድ የሚደርስበትን ንዴት ለሐኪም የሚነገር ነገር አድርጎ አይቈጥረውም። በዚህ ወር ልናስረዳ የምንፈልገው ግን ይህንኑ ነው፤ ይኸውም በመኪና ሰልፍ ውስጥ የሚነሣው ቍጣ ብዙው ክፍል ከሙቀት፥ ከውሃ ጥምና ከእንቅልፍ ማጣት የሚወለድ የአካል ሁኔታ መሆኑን፥ ስለዚህም እንደ ሌላው የጤና ጉድለት ሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቁትና ሊያስታግሡት የሚቻል መሆኑን ነው። ነገሩ የነጂው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበት ነበር፤ ዳሩ ግን የነጂው ቍጣ መጨረሻ የሚያርፈው መንገድ በሚሻገር ሕፃን ላይ ነው።

«የመኪና መጨናነቅ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መርካቶ፥ ሜክሲኮ አደባባይ፥ መገናኛ፤ ጧት ወደ ሥራ፥ ማታ ወደ ቤት የሚጐርፈው ታክሲና የቤት መኪና በዓይኑ ይታየዋል። በዚያ መኪናው የከተማው ሰው መኪና ነው፤ የሚያጨናንቀውም የሚጨናነቀውም አንድ ሕዝብ ነው። የአዋሽ ሰባት ኪሎና የሰመራ ሎግያ ጕዳይ ከዚህ ይለያል። በእነዚህ ከተሞች የነዋሪው መኪና ጥቂት ነው፤ ከባጃጅና ከአንዳንድ አውቶሞቢል በቀር ሕዝቡ በእግሩ ይሄዳል። መንገዱን የሚሞላው ከሩቅ መጥቶ ወደ ሩቅ የሚያልፈው ባለ ተሳቢ የጭነት መኪናና የነዳጅ ቦቴ ነው። ሹፌሩ የከተማውን ሰው አያውቅም፤ የከተማውም ሰው ሹፌሩን የሚያውቀው በጡሩምባው ድምፅ ነው።

ይህ ብዛት ከየት መጣ ቢባል መልሱ በታሪክና በካርታ ላይ ይገኛል። አዋሽ የባቡር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በአዋሽ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ከተማዪቱም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። በዚያን ዘመን ጭነቱ በሐዲድ ላይ፥ ሰው በእግር መንገድ ላይ ይሄድ ስለ ነበር አንዱ በአንዱ ላይ እምብዛም አይደርስም ነበር። በኋላ የጭነቱ ከፍተኛ ክፍል ወደ መኪና ተዛወረ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የአሰብ ወደብ ለአገራችን ጭነት ተዘጋና በዚያ በኩል ይመላለስ የነበረው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ዛሬ ከአገራችን የውጭ ንግድ ዕቃ ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው የሚወጣውና የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው። ከዚህም ብዙው በአዋሽ፥ በገዋኔ፥ በሚሌ፥ በሎግያና በሰመራ አልፎ በጋላፊ ኬላ ድንበሩን ይሻገራል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 ዓ.ም. የንግድ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ሸክሙን በጥቂቱ ቢያቀልም፥ መንገዱ አሁንም የመኪና መንገድ ነው። የአዋሽ ወንዝ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም፤ በሸለቆው ከሚወርዱት ሁለቱ ባሕር የሚደርሰው መኪናው ብቻ ነው።

ሰመራም የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደ እርሷ ከተዛወረ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ፥ ዩኒቨርሲቲውና የመኖሪያው ሰፈር በዚሁ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተሠራባት አዲስ ከተማ ናት። ጎረቤቷ ሎግያም ሱቋንና ምግብ ቤቷን በመንገዱ ዳር ዘርግታ የምትኖረው በሚያልፈው መኪና ነው። እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልለው፥ አገር የሚበላውን ስንዴ፥ የሚያርስበትን ማዳበሪያና የሚነዳበትን ናፍጣ የሚያመጣው መንገድና፥ የስምንት ዓመት ልጅ ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት የምትሻገረው መንገድ አንድ መንገድ ነው። በከተማው ዳር የሚያልፍ ሌላ መንገድ እስኪሠራ ድረስ ይህ አይለወጥም፤ ያን የሚወስነው ደግሞ የእኛ መሥሪያ ቤት አይደለም።

አሁን ወደ ነጂው አካል እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አዋሽ 1,000 ሜትር ያህል ናት፤ ሰመራ ግን 500 ሜትር እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ጧት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተነሣ ሹፌር ከጕዞው በኋላ በበጋ ልብሱ እንኳ የማይቻል ሙቀት ውስጥ ይገባል። በሰመራ በሰኔና በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። የሰው አካል ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፥ አየሩ ከሰውነት በላይ ሲሞቅ አካላችን ሙቀቱን ወደ ውጭ ማውጣት ትቶ ከውጭ መቀበል ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚያበርደን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ላብ ነው። ላብ ውሃ ነው፤ ውሃው ካልተተካ ደም ይጐድላል፥ ልብ ፈጥኖ ይመታል፥ ራስ ይከብዳል፥ ሐሳብም ይበተናል። ከሰውነቱ ክብደት ከ100 እጅ 2 እጅ ብቻ በላብ ያጣ ሰው (ይህም 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም) ትኵረቱ እንደሚቀንስና እንደሚነጫነጭ በምርመራ የታወቀ ነው። የመኪና ሰልፍ ይህን ሁሉ ያብሳል። መኪናው ሲሄድ ነፋስ ይገባል፤ ሲቆም ነፋሱ ይቀራል፥ የሞተሩ ትኵሳት ወደ ጋቢናው ይወጣል፥ የፊተኛው መኪና ጢስ በመስኮት ይገባል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርነውም። በአንድ የግንቦት ቀን ለሥራ ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስንጓዝ መኪናውን የምንነዳው እኛው ራሳችን ነበርን። ከገዋኔ ወዲያ በአንድ ስፍራ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ስለ ዘጋ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። መንገዱ ሲከፈት እንደ ሌላው ሁሉ ለመቅደም ስንሽቀዳደም አንድ ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን እየነዱ ወደ መንገዱ ገቡ። እኛም ጡሩምባውን ያለ ማቋረጥ ነፋን፤ ከመስኮትም ወጥተን በዚህ ጽሑፍ የማይጻፍ ቃል ተናገርን። ሽማግሌው ፍየሎቹን አሳልፈው ወደ መስኮታችን ቀረቡ። ይቈጣሉ ብለን ስንጠብቅ ፊታችንን ትኵር ብለው አዩና በተሰባበረ አማርኛ «ልጄ፥ አሞሃል?» አሉን። መኪናውን ወደ ዳር አውጥተን የደም ሥራችንን ብንቈጥር በደቂቃ 108 ሆኖ አገኘነው፤ ከንጋት ጀምሮ የጠጣነውም አንድ ሲኒ ቡና ብቻ እንደ ነበር ትዝ አለን። ባሕር ማዶ ሄደን ስለ ሰው አካል ብዙ ዓመት የተማርን ሰዎች ጥማችንን የለዩልን የፍየል እረኛ ነበሩ። በተማርንበት አገርም ቢሆን ሰው በመኪና ሰልፍ ውስጥ እንደዚሁ ይሳደብ ነበር፤ ስለዚህ ይህ የአገራችን ሰው ጠባይ ብቻ ነው የሚሉትን አናምንም።

ቍጣ በአካል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ መምህራን ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ሊያስረዱት ይችላሉ። ሰው አደጋ ወይም እንቅፋት ሲያጋጥመው ከኵላሊቶቹ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ዓይንም ከፊት ለፊት ያለውን ነገር ብቻ አተኵሮ ያያል። ይህ ሁሉ የተሰጠን ከአውሬ ጋራ ለመታገል ወይም ሮጦ ለማምለጥ ነው። በጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሹፌር ግን መታገልም መሮጥም አይችልም፤ ቀኝ እግሩን ነዳጅ መስጫው ላይ ከመጫንና ጡሩምባ ከመንፋት በቀር ለዚያ ኀይል መውጫ የለውም። የዓይን መጥበብ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፤ የተቈጣ ነጂ ከፊቱ ያለውን መኪና ጀርባ እንጂ ከጎን የሚመጣውን ልጅ አያይም።

እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ነው። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ሥራው በደሙ ውስጥ ከ1,000 እጅ ግማሽ እጅ አልኮል ካለበት ሰው ሥራ ጋራ እንደሚተካከል በምርመራ ታይቷል፤ ይህም በብዙ አገር ሕግ መንዳት የሚከለከልበት መጠን ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሣ ሹፌር እስከ ማታው 3 ሰዓት ሲነዳ እዚያ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ አንድ ጠብታ መጠጥም አልቀመሰም። ብዙዎች ይህን በጫት እንሽረዋለን ይላሉ። ጫት ግን ድካምን ይሸፍናል እንጂ አይሽርም። ምርቃናው ሳለ የልብን ትርታና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፥ አፍን ያደርቃል፥ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ተደብቆ የቆየው እንቅልፍ ባንድ ጊዜ ይመጣል፥ ብዙ ጊዜም የሚመጣው በጨለማ ነው። በኤውሮፓ አንድነት አገሮች የከባድ መኪና ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ፥ በቀንም በተለመደው 9 ሰዓት እንዳያልፍ በሕግ ታዟል። የእኛ ሹፌሮች ብዙውን ጊዜ የሚከፈላቸው በምልልስ ስለ ሆነ ዕረፍት ገንዘብ የሚያጐድል ይመስላቸዋል። ይህን ነገር ከሹፌሩ ይልቅ ለባለ መኪናው ብንናገር ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ባለ መኪናው በሰልፉ ውስጥ አይገኝም።

ስለ ጢሱ በአጭሩ እንናገራለን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጢስ ለሰው ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ሞተሩን ማጥፋት አለበት፤ በመንገድ ዳር የሚሸጡ እናቶችም ሕፃን ልጃቸውን ከቆመ መኪና ጢስ መውጫ በስተኋላ እንዳያስተኙ መምከር ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሰልፉ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በሚዛን፥ በጉምሩክ፥ በኬላ ወይም በናፍጣ ማደያ ሦስትና አራት ሰዓት የቆመ ሹፌር የጠፋበትን ጊዜ ለመመለስ ይቸኩላል። የሚቸኩለውም መንገዱ በተከፈተለት ስፍራ ሁሉ ነው፤ ከተማም ቢሆን አይለይም። እስቲ መምህሩ ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በከተማ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ርዝመት 2 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ይህን በ4 ደቂቃ ይጨርሳል፤ በሰዓት 60 የሚሄድ በ2 ደቂቃ ይጨርሳል። ትርፉ 2 ደቂቃ ነው። አራት ሰዓት ለጠፋበት ሰው ሁለት ደቂቃ ምኑ ነው? አንድ ሻይ እንኳ አያስጠጣም።

የ2 ደቂቃው ዋጋ ግን እንዲህ ነው። ነጂ አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ያልፋል። በሰዓት 30 የሚሄድ መኪና በዚህ ጊዜ 12 ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ በሰዓት 60 የሚሄድ 25 ሜትር ይሄዳል። ይህ እንግዲህ ፍሬኑ ገና ሳይነካ ነው። ከተረገጠ በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ 400 ኩንታል ለጫነ ባለ ተሳቢ መኪና፥ በጎማ ላልተሟላ፥ በፍሬን ለተዳከመ፥ ከዚህም ይብሳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ አውቶሞቢል የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያድግ ግን የእግረኛው የሞት አደጋ አራት እጥፍ ተኩል እንደሚሆን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1,190,000 ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ የበለጠው ገዳይ ወባም አይደለም፥ ሳንባ ነቀርሳም አይደለም፤ መኪና ነው።

የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ምን እንደሚሆን መምህራን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። መቶ ልጆች ባንድ በር ይወጣሉ፤ ግማሾቹ ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። በመንገዱ ዳር መኪኖች ተደርድረው ስለሚቆሙ ልጁ በሁለት ተሳቢ መካከል አልፎ ብቅ ይላል። ቁመቱ ከመኪናው መከላከያ ብረት እምብዛም ስለማይበልጥ የሚመጣው ሹፌር አያየውም፤ ልጁም የሚመጣውን አያይም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ውሃ፥ ቈሎና ፍራፍሬ ይዘው ገና ባልቆመ መኪና ጎን የሚሮጡት ልጆች ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ሰልፍ ገበያ ነው፤ ስለዚህ «አትሽጡ» ብሎ መከልከል ብቻውን አይጠቅምም። መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም እንዳይጠጉ፥ በመንገዱ መካከል ሳይሆን በዳር በኩል ብቻ እንዲሸጡ ማስተማር ግን ይቻላል።

አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለ ተለወጠች፥ ለሚሻገር ልጅ የመጀመሪያው አደጋ የሚመጣው ከግራው ነው። ስለዚህ ልጁ ከመንገዱ ዳር ቆሞ መጀመሪያ ወደ ግራ፥ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፥ እንደገና ወደ ግራ ተመልክቶ ይሻገር፤ ሲሻገርም አይሩጥ። ይህን በቃል ማስጠናት አይበቃም። ልጆቹን ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ፥ አሥር አሥር እያደረጉ ማለማመድ ያስፈልጋል። ታናናሾቹን ከታላላቆቹ አሥር ደቂቃ አስቀድሞ መልቀቅ፥ በደወል ሰዓትም ሁለት መምህራን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ ጨርቅ ይዘው እንዲቆሙ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በሆላንድ አገር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. 3,300 ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ያን ጊዜ ወላጆች «የሕፃናት መገደል ይብቃ» ብለው ማኅበር አቆሙ፤ መንገድ ላይም ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የመኪናው ቍጥር እጅግ ቢበዛም የሟቹ ቍጥር ዛሬ ከያኔው ከሩብ በታች ሆኗል። ሆላንድ ሀብታም አገር ናት፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ነገሩን የጀመሩት ሀብታሞቹ ሳይሆኑ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ወላጆች ናቸው።

የሰልፉ ስፍራ ራሱ የንጽሕና ጕዳይ ነው። መቶ መኪና ሌሊት በሚያድርበት ሜዳ ሁለት መቶ ሰው፥ ሹፌርና ረዳት፥ ያድራል። መጸዳጃ ከሌለ ሜዳው መጸዳጃ ይሆናል፤ ሽንት የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በመንገዱ ዳር ሲጣል የሚያነሣው ውሃ መቅጃ የሚፈልግ የሰፈር ልጅ ነው። የማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ለዚህ ስፍራ ጥቂት የጕድጓድ መጸዳጃ፥ አንድ የውሃ ቧንቧና የቈሻሻ መጣያ ቢያዘጋጁ የተቅማጥ በሽታን ይከላከላሉ። ከዚህም በቀር መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ የሚቆምበት ሜዳ ከተገኘ ከላይ የተናገርነው በሁለት ተሳቢ መካከል ብቅ የሚለው ልጅ ይታያል።

ሌላም ያስተዋልነው ነገር አለ። ሰውን ከመጠበቁ ይልቅ የሚያናድደው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አለማወቁ ነው። «ሁለት ሰዓት ይቆያል» የተባለ ሹፌር ከመኪናው ወርዶ በጥላ ይተኛል፤ ምንም ያልተነገረው ግን ሁለቱንም ሰዓት መሪውን ጨብጦ ይቀመጣል፥ የፊተኛው መኪና አንድ ክንድ ቢንቀሳቀስም ይነፋበታል። በዚህ ረገድ የአፋር ሕዝብ የሚያስተምረን አለው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይለያዩም፤ ስለ ሰላሙ፥ ስለ ግጦሹ፥ ስለ ውሃው፥ ስለ መንገደኛው ያዩትንና የሰሙትን አንዱ ላንዱ በእውነት ይነግራል፤ ሐሰት መጨመር ነውር ነው። በኬላና በሚዛን ያሉ ሠራተኞች በየሰዓቱ አንድ ሰው ወደ ሰልፉ ልከው «ችግሩ ይህ ነው፤ የሚጠብቃችሁ ይህን ያህል ነው» ቢያስብሉ ይህ ዳጉ ነው፤ ወጪውም የአንድ ሰው እግር ነው። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ከጅቡቲ የሚመለሱ ሹፌሮች ለምርመራ ቆመው ሲጠብቁ ሰልፉን ያስረዘምነው እኛ የጤና ሰዎች ነበርን። ምርመራው አስፈላጊ ነበር፤ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ግን ለሰልፈኛው በጊዜው አልነገርንም፤ የተሰደብነውም ስለዚህ ይመስለናል።

ለነጂዎች የምንሰጠው ምክር ብዙ አይደለም። ውሃ ሳይጠማ መጠጣት፤ በሙቀት ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ይበቃል። የሽንቱ ቀለም ጠቍሮ ያየ ሰው ውሃ እንደ ጐደለው ይወቅ። እጅግ ላቡ ለወረደ ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ማንኪያው ልክ ሆኖ፥ በጥብጦ መስጠት ነው፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሰልፍ ሲረዝም ሞተር አጥፍቶ፥ ወርዶ፥ በጥላ መቀመጥ፤ ንዴት ሲመጣ ከመንፋት በፊት የደም ሥርን መቍጠር። ልጅን በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ ለአፍታም ቢሆን መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከሁሉ የሚያስፈራው የሙቀት ምት ነው። በሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ፥ ከተንገዳገደ፥ ሰውነቱም እንደ እሳት ከጋለ፥ «ሰክሯል» ወይም «መርቅኗል» ብሎ ማለፍ ገዳይ ስሕተት ነው። ወደ ጥላ አውጥቶ፥ ልብሱን አላልቶ፥ ባለው ውሃ ሁሉ ሰውነቱን እያራሱ ማራገብ፥ ራሱን ለሳተም በአፉ ምንም ሳይሰጡ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። ውሃው ለመጠጥ የተቀመጠ ቢሆንም አይሰሰት።

መምህራን በክፍል ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉትን አንድ ፈተና እንጨምራለን። የሚያስፈልገው ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ብቻ ነው። መምህሩ ማስመሪያውን ከላይ ጫፉ ይዞ ቀጥ አድርጎ ያንጠልጥል፤ ተማሪው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከፍቶ ከታች በዜሮው ምልክት አጠገብ ያዘጋጅ። መምህሩ ሳይናገር ይልቀቀው፤ ተማሪው እንደ ወደቀ ይያዘው። በ15 ሳንቲ ሜትር ላይ የያዘው ከሰከንድ ከ100 እጅ 17 ያህል፥ በ20 ላይ የያዘው 20 ያህል፥ በ30 ላይ የያዘው 25 ያህል ፈጅቶበታል። ነጂ ከዚህ ይልቅ ይዘገያል፤ ዓይቶ፥ ለይቶ፥ ወስኖ፥ እግሩንም ከአንዱ መርገጫ ወደ ሌላው ማንሣት አለበትና። ፈተናው ጧት አንድ ጊዜ፥ በቀትር ሙቀት ሌላ ጊዜ ይደረግ። በመጨረሻም ተማሪው የሰባትን ብዜት ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቈጠረ ሳለ፥ በስልክ እንደሚነጋገር ሹፌር ሐሳቡ ሲከፈል፥ መምህሩ ማስመሪያውን ይልቀቀው። ሦስቱ ቍጥሮች አጠገብ ለአጠገብ በሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ማስመሪያው ከእጁ አምልጦ ወለል ላይ የወደቀበት ተማሪ ካለም ይህ እንዲሁ ይጻፍ።